አድራ የምትሠራ የቤት ሠራተኛ ከመቅጠራችን በፊት ምን ምን ማሰብ ይገባናል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ከቤት ውጭ የምንሠራ ስንሆን የአራት ዓመት ወንድ ልጅና የሰባት ወር ሴት ሕፃን አሉን። ባለቤቴ የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ከሁለት ወር በኋላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እናቴም ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ግማሽ ዓመት ሆኗቸዋል። እስከ ዛሬ በሳምንት ሁለት ቀን የምታግዘን ተመላላሽ ሠራተኛ ነበረችን፤ አሁን ግን እዚሁ አድራ የምትሠራ ሰው ለመቅጠር አስበናል። ቤታችን ሦስት መኝታ ክፍል ስላለው አንዱን እኛ፣ አንዱን እናቴ ይዘን፣ ሠራተኛዋ ከልጆቹ ጋር ትተኛለች የሚል ሐሳብ ነበረን።

ዘመዶቻችን የሚሰጡን ምክር ሁሉ ስለ ታማኝነቷ ብቻ ነው፤ አንዱ ወርቅ ደብቁ ይላል፣ ሌላው ካሜራ አስገጥሙ ይላል። እኔ ግን ጉዳዩ ከዚያ የሰፋ ይመስለኛል። ከመቅጠራችን በፊት ምን ማጣራት፣ በምንስ ላይ መስማማት እንዳለብን ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ሦስት ጊዜ የቀጠረች እናት
በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ትተውን ሄደዋል፤ ሦስተኛዋ ግን አምስት ዓመት አብራን ኖራለች። ብዙ ሰው ሦስተኛዋ ጥሩ ሰው ስለ ሆነች ነው ይለኛል፤ የፊተኞቹም ጥሩ ሰዎች ነበሩ። የተለወጥነው እኛ ነን። ሦስተኛዋን ከመፈለጋችን በፊት እኔና ባለቤቴ ቁጭ ብለን ከሠራተኛዋ የምንጠብቀውን ሥራ በሙሉ በሰዓት በሰዓት ወረቀት ላይ ጻፍነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ አንድም ባዶ መስመር አልነበረውም፤ የሕፃኑ የሌሊት ለቅሶ ደግሞ ገና አልተጻፈም። ሞግዚትነትን፣ ምግብ ማብሰልን፣ ጽዳትንና ልብስ ማጠብን በአንድ ደመወዝ ከአንድ ሰው እየጠበቅን፣ አንዱ በጎደለ ቁጥር ሰነፈች እንል ነበር።

የመጀመሪያዋን ሠራተኛ ያጣናት ባረረ ድስት ምክንያት ነው። ከሥራ ስገባ ቤቱ በጭስ ታፍኖ አገኘሁትና ምን እንደ ሆነ ሳልጠይቅ ተቆጣኋት፤ በሦስተኛው ቀን ልብሷን ሰብስባ ሄደች። ልጁ ያን ቀን ትኩሳት ይዞት ከእቅፏ አልወርድ ብሎ እንደ ነበር የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት፤ ያውም ከሳምንት በኋላ። ስለዚህ የሰባት ወር ሕፃን ባለበት ቤት የትኛው ሥራ እንደሚቀድም አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ሕፃኗ ነቅታ ባለችበት ሰዓት ሌላው ሥራ ቢቀር ማንም እንደማይቆጣ በግልጽ ንገሯት። እናትዎን መደገፍና ማንቀሳቀስም ከተፈለገ እሱ ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ በቃለ መጠይቁ ላይ ይነሣ፤ «ታዲያ ምን አላት» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ማጣራቱን በተመለከተ፣ የደላላን ቃል ብቻ ሰምታችሁ አትወስኑ። ቀደም ሲል የሠራችበትን ቤት ራሳችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። «ጥሩ ናት ወይ» ከማለት ይልቅ ልጅ ሲታመም ምን ታደርግ እንደ ነበር፣ ለምን እንደ ተለያዩና ዛሬ ብትመጣ ይቀበሏት እንደ ሆነ ብትጠይቁ ብዙ ታውቃላችሁ። ከእርሷም ጋር ደላላው በሌለበት ተነጋገሩ፤ እሱ እየመለሰላት እርሷ አንገቷን የምትነቀንቅበት ቃለ መጠይቅ ምንም አይነግራችሁም። ባለቤትዎ ሥራ ከመመለሷ በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት አብረው ይዋሉ፤ ይህም ጊዜ ቢሆን ደመወዝ የሚከፈልበት ይሁን። የጋዙን መዝጊያ፣ የመድኃኒቱን ሣጥንና የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሮችን በዚህ ጊዜ አሳዩዋት። ሕፃን በጀርባዋ ተንጋልላ እንደምትተኛ፣ በረኪናም ከአሲድ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ እንደሚያወጣ «ታውቀዋለች» ብላችሁ አትለፉት፤ እኔ ራሴ ሁለተኛውን ያወቅሁት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።

መልስ 2፦ የቀድሞ የቤት ሠራተኛ
በሰው ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። ወንድሜ፣ ያነሡት የመኝታ ነገር ትንሽ ሊመስልዎ ይችላል፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ከልጆች ጋር ትተኛለች ማለት ሌሊቱንም ትሠራለች ማለት ነው። ሕፃኗ ሦስት ጊዜ ብትነቃ ሠራተኛዋም ሦስት ጊዜ ትነቃለች፤ በማግሥቱ ግን ሌሊቱን እንደ ሠራች የሚቆጥርላት ሰው የለም።

መጀመሪያ በገባሁበት ቤት የምተኛው ሳሎን ነበር። ጠዋት ጠዋት ፍራሼን ጠቅልዬ ከሶፋው ጀርባ እሸጉጠዋለሁ፤ ማታ ደግሞ እንግዳ ካልሄደ ፍራሼ አይነጠፍም። እንግዳው ሲስቅ እየሰማሁ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስንት ሌሊት እንዳንቀላፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው። አሠሪዎቼ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ነገሩ ጭራሹኑ አልታሰባቸውም። ኋላ የገባሁበት ቤት የሰጠኝ ክፍል ዕቃ ቤት የነበረ ጠባብ ክፍል ነው፤ ነገር ግን መስኮት ነበረው፣ በሩም ከውስጥ ይቆለፋል። እዚያ ስድስት ዓመት ኖርኩ።

ደመወዝ በየወሩ በእጇ ስጧት። «እኛ ዘንድ ይጠራቀምልሽ» የሚለው አነጋገር ደግነት ይመስላል፤ መሄድ ስትፈልግ ግን ገንዘቧን እንደ ልመና እንድትጠይቅ ያደርጋታል። ከፈለጋችሁ የራሷን የባንክ ሒሳብ እንድትከፍት እርዷት። ካሜራ የምታስገቡ ከሆነም የት የት እንዳለ ንገሯት፤ በምትተኛበትና በምትታጠብበት ቦታ ግን ፈጽሞ አይሁን። ስለ ምግቧ፣ ስለ ስልኳ፣ ስለ እምነቷ በዓላትና ሊጠይቃት ስለሚመጣ ዘመድም ገና ሳትገባ ብትነጋገሩ፣ ኋላ ማንም ማንን አይታዘብም።

አንድ ነገር ልጨምር። በእርስዎ ቤት ሦስት አዋቂዎች አሉ። ባለቤትዎ ልጁን እጠቢ ሲሏት፣ እናትዎ ሻይ አምጪ ሲሏት፣ እርስዎ ሸሚዝ ተኩሺ ሲሏት የማንን ታስቀድም? ሠራተኛ ከሥራ ብዛት ይልቅ በአዛዥ ብዛት ትማረራለች።

መልስ 3፦ በሥራ ሕግ ላይ የምሠራ
የቤት ሠራተኛን የሚመለከተው ሕግ ከአገር አገር ስለሚለያይ በቅድሚያ የሚኖሩበትን አገር ሕግ ይመልከቱ። እንደ መለኪያ ሊያገለግል የሚችለው ግን የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቀውና በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 ነው። ስምምነቱ የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ቢሆንም፣ አንድ ቤተሰብ ውል ሲያዘጋጅ ይዘቱን ቢከተል የሚከለክለው የለም።

ከላይ የተነሡት ነጥቦች አብዛኞቹ በዚሁ ሰነድ ውስጥ አሉ። ሠራተኛዋ በየሳምንቱ ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ማግኘት አለባት፤ በዕረፍቷም ጊዜ ቤት ውስጥ እንድትቆይ አትገደድም። መታወቂያዋና ፓስፖርቷ በእጇ ይቆያሉ። ደመወዟ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የአገናኝ ኤጀንሲ ክፍያም ከእርሷ ደመወዝ አይቆረጥም። እንደ ፈለገች ልትሆን የማትችልበት፣ ጥሪ እየጠበቀች የምትቆይበት ጊዜ፣ የየአገሩ ሕግ በሚወስነው መጠን እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠራል፤ የሌሊቱ የሕፃን ጥበቃ የሚገባው እዚህ ነው። ከስምምነቱ ጋር የወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 201 ደግሞ አየር የሚያገኝ፣ የሚቆለፍና ቁልፉ ለሠራተኛዋ የሚሰጥ የግል ክፍል እንዲኖራት ይመክራል፤ የእርግዝናም ሆነ የኤችአይቪ ምርመራ እንድታደርግ መጠየቅ እንደማይገባም ይገልጻል።

በውሉ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የስንብት ነገር ነው። አድራ የምትሠራ ሰው ከሥራ ስትሰናበት መኖሪያዋንም በዚያው ቀን ታጣለች። ስለዚህ የማስጠንቀቂያው ጊዜ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ በዚያም ጊዜ ሌላ ሥራና ማደሪያ የምትፈልግበት ሰዓት ይሰጣት። ዕድሜዋንም በሰነድ አረጋግጡ፤ ልጅ አሳድጋለሁ የምትል ራሷ ልጅ የሆነች ብዙ ናት።

መልስ 4፦
እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የግድ አድራ የምትሠራ ሰው ያስፈልጋችኋል? ጠዋት ገብታ ማታ የምትሄድ ሞግዚትና የለመደቻችሁ ተመላላሽ ሠራተኛ ቢጣመሩ፣ የሌሊቱን ደግሞ እናንተ ወላጆች ብትከፋፈሉት፣ ክፍል ማመቻቸቱም አያስጨንቃችሁም ነበር። በእርግጥ ወጪው ከፍ ሊል ይችላል። ነገር ግን የሦስት ሰው ሥራ በአንድ ሰው ላይ ተጭኖ የሚገኘውን «ቁጠባ» ማን እየከፈለው እንደ ሆነ አስቡበት።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ወረቀቱን ጻፍነው፤ የእኛው ደግሞ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ደረሰ። ተመላላሿ እንድትቀጥልና ምግብና ጽዳቱን እንድትይዝ፣ አዲሷ ሠራተኛ ግን ለልጆቹ ብቻ እንድትሆን ወስነናል። የልጆቹን አልጋ ወደ እኛ ክፍል እናስገባለን፤ የእነርሱ ክፍል የእርሷ ይሆናል። የበሩ ቁልፍ ከውስጥ እንደማይሠራ ያየነውም አሁን ነው። የቀረን እናቴን ማስረዳት ነው፤ እርሳቸው በቤት ውስጥ ማዘዝ የለመዱ ሰው ናቸው፤ አታዝዙ ብላቸው ደግሞ ይከፋቸዋል። እህቴ የሁለተኛው መልስ ባለቤት፣ እርስዎ በሠሩባቸው ቤቶች ይህ እንዴት ይያዝ ነበር?

መልስ 2፦ የቀድሞ የቤት ሠራተኛ
ስድስት ዓመት በኖርኩበት ቤት አንዲት አያት ነበሩ። ልጃቸው ምንም አልከለከላቸውም፤ የተቀጠርኩ ቀን ግን አጠገቡ አስቀምጦ የሥራውን ዝርዝር ለሁለታችንም ጮክ ብሎ አነበበ፤ የሚጨመር ካለም ጠየቃቸው። እርሳቸውም ከሰዓት በኋላ ልጁ ሲተኛ ሻይ እንዳፈላላቸውና ጥቂት አብሬያቸው እንድቀመጥ ብቻ ጠየቁ፤ ተጻፈ። ከዚያ ወዲያ ከዚያች ሰዓት ውጭ ሲጠሩኝ አልሰማሁም።