አባዬ በካንሰር ምክንያት አንድ ኩላሊቱ ሊወጣ ነው፣ ያለፋችሁበት ምከሩኝ

ጥያቄ (ልጁ ነኝ)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ቶሎ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። አባዬ 61 ዓመቱ ነው፣ ሆዴን አመመኝ ብሎ አልትራሳውንድ ሲነሳ ግራ ኩላሊቱ ላይ እጢ ተገኘ፣ በሲቲ ስካን ሲታይ ደግሞ 6.5 ሴንቲሜትር ሆነ፣ መሀል ላይ ደም ስሮቹ የሚገቡበት ጋ ተጠግቷል አሉን። ሽንቱ ላይ ደም አይቶ አያውቅም፣ ጎኑንም አያመውም፣ ለዛ ነው ማመን ያቃተው። ሰርጀኑ ኩላሊቱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ ብሎ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ሰጠን። ያልገባኝ ግን ብዙ ነው፣ ናሙና ሳይወሰድ እንዴት ካንሰር ነው ይባላል? መጀመሪያ ኬሞ ወስዶ እጢው ቢቀንስ አይሻልም? በአንድ ኩላሊትስ ዲያሊስስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ሳይገባ መኖር ይችላል? እሱ ደግሞ "ቢላ ከነካው ይሰራጫል፣ ተዉኝ" እያለ ነው፣ ትናንት ማታ የሲቲውን ወረቀት አጣጥፎ ትራሱ ስር ከቶት አገኘሁት።

መልስ (ነርስ ነኝ፣ ኦፕራሲዮን የተደረጉ ሰዎች የሚተኙበት ክፍል ነው የምሰራው)፦
እህቴ አይዞሽ፣ አንድ በአንድ ልመልስልሽ። ኩላሊት ላይ ያለ ጠጣር እጢ መድኃኒት በደም ስር ተሰጥቶ በሚነሳው ሲቲ ላይ ደምቆ ከታየ ባብዛኛው ካንሰር ነው፣ እና ናሙናው ተወሰደም አልተወሰደም ህክምናው ያው ማውጣት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ቁርጡ የሚታወቀው ከወጣ በኋላ በፓቶሎጂ (የወጣውን በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩት) ነው፣ አልፎ አልፎ ካንሰር ያልሆነ እጢ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ኬሞ ላልሽው፣ የተለመደው ኬሞ የኩላሊት ካንሰርን እምብዛም አይበግረውም፣ ወደ ሌላ ቦታ ከሄደ የሚሰጡት ሌላ ዓይነት ኪኒኖችና የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ መድኃኒቶች ናቸው፣ እጢው እዛው ኩላሊቱ ላይ ብቻ ካለ ግን ዋናው መድኃኒት ኦፕራሲዮኑ ራሱ ነው። ለአባትሽ ደግሞ እንዲህ በያቸው፣ ሰርጀኑ እጢውን እየቆራረጠ አይደለም የሚያወጣው፣ ደም ስሮቹን አስሮ ኩላሊቱን ከከበበው ስብ ጋር እንዳለ ነው የሚያነሳው። ቢላ ወይ አየር ስለነካው አይሰራጭም፣ የሚያሰራጨው መቆየቱ ነው።

አንድ ነገር ግን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሳትጠይቂ እንዳትቀሪ፦ "ከፊሉን ማትረፍ አይቻልም ወይ?" እስከ 4 ሴንቲሜትር ለሆነ እጢ የሚመረጠው እጢውን ብቻ ቆርጦ ኩላሊቱን ማትረፍ ነው፣ እስከ 7 ድረስም ቦታው ከተመቸ ይሰራል። የአባትሽ መሀል ላይ ስለሆነ አይሆንም ሊሉሽ ይችላሉ፣ ቢሆንም ምክንያቱን ከአፋቸው ስሚው። የቀኙ ኩላሊት እንዴት እንደሆነም ጠይቂ፣ ክሬቲኒን (ኩላሊት እንዴት እንደሚያጣራ የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ ሽንት ላይ ፕሮቲን፣ ግፊት፣ ስኳር።

መልስ (በአንድ ኩላሊት 4 ዓመት)፦
እኔ ራሴ ያለፍኩበት ነው፣ የቀኙ ነው የወጣው፣ በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ)። ስነቃ ቁስሉ ሳይሆን ትከሻዬን ነበር ያመመኝ፣ ልቤ ነው ብዬ ልሞት ነበር በድንጋጤ፣ ለካ ሆድ ውስጥ የሚነፉት ጋዝ ነው፣ በ2 ቀን ለቀቀኝ፣ አባትሽ እንዳይደነግጡ ቀድመሽ ንገሪያቸው። በማግስቱ ካቴተሩን (የሽንት ቱቦውን) አውጥተው ተነስ አሉኝ፣ ያልጋውን ጠርዝ ይዤ አራት እርምጃ ሄጄ ላብ በላብ ሆንኩ፣ ግን እግር ላይ ደም እንዳይረጋ መራመዱ ግድ ነው። ሳል ሲመጣ ትራስ ሆድ ላይ ጫን አድርጎ ነው የሚሳለው፣ ይቺን ማንም አልነገረኝም ነበር፣ አጠገቤ የተኛው ሰውዬ ነው ያሳየኝ። በ3ኛው ቀን ወጣሁ፣ ለ6 ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ እንዳታነሳ ተባልኩ። ክሬቲኒኔ ከ1.0 ወደ 1.4 ሲወጣ ዲያሊስስ ልገባ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ፣ ሐኪሙ ግን የሁለቱን ስራ አንዱ ሲረከበው የሚጠበቅ ነው አለኝ፣ የቀረው ኩላሊት ከጊዜ ጋር ተለቅ ብሎ ስራውን ይጨምራል፣ ክሬቲኒኔም እስካሁን እዛው 1.4 ላይ ነው።

መልስ (እናቴን ያስታመምኩ)፦
የእናቴ በጎን ተከፍቶ ነበር፣ እሱ ይቆያል፣ ወደ 3 ወር ፈጀባት ወደራሷ ለመመለስ፣ ጎኗም እስካሁን ይደነዝዛታል። ስለዚህ በየትኛው መንገድ እንደሚሰራ አስቀድመሽ እወቂ። ማስታገሻው ሆድ ያደርቃል፣ ማለስለሻ ቶሎ ጠይቁ፣ ማማጥ ቁስሉን ያሰቃያል። ትኩሳት፣ ከቁስሉ መግል፣ የአንድ እግር ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ሽንት መቀነስ ካያችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ።

ልጁ ነኝ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሰርጀኑን ጠየቅኩት፣ ስዕሉን ከፍቶ አሳየኝ፣ እጢው ዋናውን ደም ስር ተደግፎት ነው የተቀመጠው፣ ከፊሉን ማትረፍ አይሆንም አለ፣ የቀኙ ግን ጤነኛ ነው። አባዬም ሲሳል ትራስ ሆድ ላይ መጫን ያላችሁትን ሰምቶ የሲቲውን ወረቀት ራሱ ከትራሱ ስር አወጣው። አንድ የረሳሁት፣ ለጉልበቱ ዳይክሎፌናክ ይውጣል፣ ለልቡ ደግሞ አስፒሪን።

መልስ (ነርስ ነኝ)፦
ጥሩ አደረግሽ ማንሳትሽ! ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ የነሱን ዓይነት ማስታገሻ በሙሉ ከዛሬ ጀምሮ ይሰናበቱ፣ አንድ ኩላሊት ላለው ሰው ጠላት ናቸው፣ ሲያማቸው በታዘዘው መጠን ፓራሲታሞል ይውሰዱ። አስፒሪኑን ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ ለሰርጀኑና ለሰመመን ሐኪሙ ንገሩ፣ እነሱ ይወስኑ። የፓቶሎጂ ውጤቱ ሲመጣ ኮፒ ያዢ፣ ዓይነቱ፣ ግሬዱ (ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ) እና የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹህ መሆኑ እዛ ላይ ነው የሚጻፈው፣ ለክትትሉ የሚጠቅመው እሱ ነው። ወደፊት ሲቲ ሲነሱም መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ኩላሊት ነው ያለኝ ይበሉ።