ቆሞ የሚውል የናፍጣ ሚኒባስ፦ በየጠዋቱ ማሞቅ ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል?

ጥያቄ፦ የማርቆሱ (ደብረ ማርቆስ)

እንደምን ሰነበታችሁ። አንድ የቆየ የናፍጣ ሚኒባስ አለኝ። የኋላ ወንበሮቹን አስነቅዬ አልጋ፣ ትንሽ ቁምሳጥን፣ የጋዝ ምድጃና የውሃ ታንክ አስገጥሜበታለሁ። ሐሳቤ ከቤተሰብ ጋር ዘንገና፣ ጮቄ፣ ጢስ ዓባይ እያልን በዚያው ማደር ነበር። ሐሳብ ሆኖ ቀረ። መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ ናፍጣው ሲገኝ ሲጠፋ፣ እኔም ሥራ ሲበዛብኝ፣ መኪናው ሁለት ክረምት ግቢ ውስጥ ቆሞ አለፈው።

እንዳይበላሽ ብዬ ግን አልተኛሁም። በየጠዋቱ አስነስቼ አምስት ደቂቃ አሞቀዋለሁ። እንዲያም ሆኖ ባትሪው ወር ሳይሞላው ይሞታል። ሲነሳ የሚያወጣው ነጭ ጭስ ግቢውን ጉም ያስመስለዋል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት፣ ከስሩ እንደ ሽሮ የወፈረ ነጣ ያለ ነገር ተለጥፏል። አንድ መካኒክ አየና «ጓርኒሲዮኑ ሄዷል፣ ቴስታታው ይከፈት» አለኝ። ከሞተሩ ራስ (ቴስታታ) ስር ያለው ማሸጊያ ተበላሽቶ የራዲያተር ውሃ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል ማለቱ ነው። የጠራው ዋጋ እንቅልፍ ነሳኝ።

ለጥምቀት አዲስ አበባ ልሄድበት አስቤ ነበር። የሞተሩ የናፍጣ ፓምፕ (ፖምፓ) ሜካኒካል ነው፣ ኮምፒውተር የሚባል የለውም። ምን ትሉኛላችሁ?

ጋሽ ናፍጣ (ፍኖተ ሰላም)

ልጄ፣ ቴስታታውን ለጊዜው አታስነካ። ያንን የጠዋት ማሞቅ ግን ዛሬውኑ ተው። መኪናውን እያሳመመው ያለው እሱ ነው።

የናፍጣ ሞተር ቆሞ ሲሠራ ቶሎ አይሞቅም። የማርቆስ ብርድ ደግሞ ታውቀዋለህ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነህ። ናፍጣ ሲቃጠል ውሃ ይፈጥራል። ሞተሩ በደንብ ከጋለ ውሃው እንፋሎት ሆኖ በማርሚታው፣ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ካልጋለ ከፊሉ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፣ ከፊሉ ማርሚታው ውስጥ ተኝቶ ያዝገዋል። ያ ሽሮ ያልከው ዘይትና ውሃ ተመትቶ የሠራው ሊሆን ይችላል። እኔ እንዲህ ያለውን ክዳን ስንቱን ጠርጌአለሁ።

የባትሪውም ነገር ያው ነው። ሲሊንደሩን ቀድሞ የሚያሞቀው ካንዴሌታና ሞተሩን የሚያዞረው ሞተሪኖ ለማስነሳት የሚጠጡትን ዲናሞው በአምስት ደቂቃ አይመልሰውም። በየቀኑ አንድ ብር እያወጣህ አሥር ሳንቲም የምታስገባ ዓይነት ሰው ሆነሃል።

ወይ ንዳው፣ ወይ በወጉ አስተኛው። ሲነዳ በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል፣ ግን መንዳት ይሁን። ከማርቆስ አማኑኤል ደርሰህ ተመለስ። ቀስ እያልክ ጀምር፣ ሞተሩ ከጋለ በኋላ አፍታታው።

መካኒኩ (ቡሬ)

ጋሽ ናፍጣ ልክ ናቸው። ነገር ግን ጓርኒሲዮኑን ሳያጣሩ «ደህና ነው» ማለትም አይቻልም። ወንድሜ፣ ሳትከፍተው ራስህ ማጣራት ትችላለህ።

ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የዘይት መለኪያውን አውጣ። ዘይቱ ራሱ ቡና በወተት ከመሰለ አታስነሳው፣ ያየልህ ሰው እውነቱን ነው። ዘይቱ ጥቁርና ንጹሕ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት። ውሃው ላይ ዘይት ተንሳፍፏል? ካልተንሳፈፈ እስከ አፉ ሙላና አንድ ሰዓት ያህል ነድተኸው ና። አብርደህ እንደገና እይ። ደግሜ ልንገርህ፣ አብርደህ! ትኩስ ራዲያተር ከፍቶ ፊቱ የተጠበሰ ሰው አውቃለሁ። ውሃው ካልቀነሰ፣ ሞተሩ ከጋለ በኋላም ነጭ ጭሱ ከጠፋ፣ ክዳኑ ስር ያለው እርጥበት ነው። ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን (ማጣሪያውን) ቀይርና ከሁለት ሦስት ጉዞ በኋላ ክዳኑን ተመልከት።

ጭሱን ደግሞ አሽትተው። ዓይን የሚያቃጥልና ናፍጣ ናፍጣ የሚል ከሆነ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የካንዴሌታ ነው። ከአራቱ ሁለቱ ከሞቱ በብርድ ጠዋት እንደዚያ ያጨሳል። አንድ በአንድ በቴስተር ማየት ነው፣ ቀላል ሥራ ነው።

አሁን ወደ ናፍጣው። ሁለት ክረምት በግማሽ ታንክ ነው የቆመው? እንደዚያ ከሆነ ውሃ አለበት። ታንኩ ውስጥ ያለው አየር ቀን ይሞቃል፣ ማታ ይበርዳል፣ ግድግዳው ላይ ያልበዋል። ጠብታው ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይጠራቀማል። ውሃና ናፍጣ የሚገናኙበት ላይ ደግሞ ተህዋስያን ይራባሉ። ጥቁር እንደ ንፍጥ የሚዝለገለግ ነገር የናፍጣ ፊልትሮ ውስጥ ካየህ እነሱ ናቸው። ከፊልትሮው ስር ያለውን ማፍሰሻ ፈታ አድርገህ በሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀበል። አሳድረው። ጠዋት ውሃው ከስር፣ ናፍጣው ከላይ ተለይቶ ታየዋለህ። ብዙ ከሆነ ታንኩም ይራገፍ። ከዚያ አዲስ ፊልትሮ አስገባና በእጅ ፓምፑ እስኪጠነክር ድረስ ግፋ፣ አየሩ ይውጣ። ውሃ ፖምፓውና ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተር ጋ ከደረሰ የቴስታታው ዋጋ ያስናፍቅሃል።

ወደፊት ስታቆመው ታንኩን ሙላ። አየር ከሌለ ላብ የለም።

የዳንግላው

ታንኩን ሙላ የሚባለው መጽሐፍ ላይ ያምራል። በዚህ ዘመን ሙሉ ታንክ ናፍጣ ግቢ አቁሞ የሚተኛ ማነው? የኔን በአንድ ሌሊት በጎማ ቱቦ መጠውት አድረዋል። ክዳኑ ቁልፍ ያለው ካልሆነ እኔ ግማሽ አድርጌ ውሃውን በየወሩ ባፈስ ይሻለኛል።

መካኒኩ (ቡሬ)

እሱም ያስኬዳል። በየወሩ ማፍሰሱን ካልረሳህ።

እንጅባራዋ

ስለ ሞተሩ ወንዶቹ ተናገሩ፣ እኔ ስለ ውስጡ ልናገር። እኛም እንዲህ ዓይነት መኪና አለን። የእንጅባራን ዝናብ ለምታውቁ አልነግራችሁም።

ፍራሹን አስተኝታችሁ አትክረሙ። ከስሩ ሻጋታ ያወጣል። ግድግዳ ላይ አቁሙት፣ አየር በሁለቱም በኩል ይዙረው። የውሃ ታንኩንና ቧንቧውን ጭልጥ አድርጋችሁ አፍስሱ። ፍሪጅ ካለ በሩ ተከፍቶ ይቁም። የጋዙን ሲሊንደር ዘግታችሁ ከመኪናው አውጡትና አየር የሚያገኝ ቦታ አቁሙት። በዚህ አልደራደርም።

አይጥ ደግሞ የሁላችንም እንግዳ ናት። በተለይ ጎተራ አጠገብ ለምታቆሙ። የኛዋ የኤሌክትሪክ ገመዱን በልታ የኋላ መብራት አሳጥታናለች። መርዝ አታድርጉ፣ ግድግዳው ውስጥ ገብታ ትሞትና ሽታው ዓመት ይቆያል። ቀዳዳውን በድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቅጥቁት። አንድ እህል፣ አንድ ብስኩት ውስጥ አይቅር።

ጋሽ ናፍጣ (ፍኖተ ሰላም)

ልጄ፣ አዲስ አበባ ነው ያልከው? እንግዲያው ሞተሩን ተወውና ፍሬኑን ንገረኝ። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ። መኪና አልነሳም ብሎ ያስቀረው ሰው ቤቱ ነው ያለው። አልቆምም ያለው ነው የሚያስፈራው።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 የሚፈላው 205 ዲግሪ ላይ ነው። እርጥበት ከጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። በረሃው መሀል ሲፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። የጎማዎቹ የፍሬን ታምቡሮችም ተከፍተው ይታዩ። የእጅ ፍሬን ስበህ ነው ያቆምከው? የፍሬኑ ሸራ ከታምቡሩ ጋር ተጣብቆ ይጠብቅሃል። ሜዳ ላይ በማርሽ አቁመህ ከጎማው ስር ድንጋይ አድርግ።

ጎማውንም ጥርሱን አይተህ አትመን። ጎኑ ላይ አራት ቁጥር አለ። 2316 ካለ በፈረንጆች 2016 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። አሥር ዓመት የሞላውን ዓባይ በረሃ ይዘህ አትውረድ።

የማርቆሱ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ወንድሜ መካኒኩም፣ እህቴም፣ ተባረኩ።

ዘይቱ መለኪያው ላይ ንጹሕ ነው። ደምበጫ ደርሼ ተመለስኩ፣ የራዲያተሩ ውሃ ከምልክቱ አልወረደም። ቴስታታው አልተከፈተም። ከፊልትሮው አንድ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ወጣ። ባለቤቴ «ይህንን ነው በየጠዋቱ የምታጠጣው?» አለችኝ። ካንዴሌታ ሁለቱ ሞተው ነበር፣ ተቀየሩ፣ ጭሱ ቀርቷል። ባትሪው ሞልቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት አሳየ። አሁን መኪናውን ሳቆም የኔጋቲቩን ገመድ እፈታለሁ።

የኋላ ቀኝ ታምቡር እንዳሉት ተጣብቆ ነበር፣ በመዶሻ ነው የለቀቀው። ጎማዎቹ 2013 ይላሉ። ጥርሳቸው ገና አዲስ ነው፣ ሆዴ እያረረ አውጥቼአቸዋለሁ። ፍራሹ ስር ደግሞ የአይጥ ጎጆ አገኘሁ። የሠራችው በስፖንጁና በኢንሹራንስ ወረቀቴ ነው።

ጋሽ ናፍጣ (ፍኖተ ሰላም)

ቦሎውስ?

የማርቆሱ

አልፎበታል። ሰኞ እሄዳለሁ።