ድሮ ያለ ፎቶሾፕ የዕጩን ምስል እንዴት ያሳምሩ ነበር?

የፒያሳው ባነር፦
ሰላም ወገን። ደሴ ፒያሳ ባነር አትማለሁ። በምርጫ ሰሞን አንድ ዕጩ ጉርድ ፎቶ ይዞ መጣ። ሹራብ ለብሷል፣ አንገቱም መለል ያለ ነው። «ኮት አልብሰኝ» አለኝ። ኮምፒውተሬ ውስጥ ካለ የሌላ ደንበኛ ፎቶ ላይ ኮት ቆርጬ ጭንቅላቱን ተከልኩበት። እሱ በጣም ደስ አለው። እኔን ግን ሸዋ በር የተሰቀለውን ባየሁ ቁጥር ይከነክነኝ ነበር። ሰሞኑን የአብርሃም ሊንከንን የ1860 (እ.ኤ.አ.) የምርጫ ምስል አየሁና ገረመኝ። ያኔ ፎቶ እንዴት ይባዛል? ያሳምሩትስ ነበር?

ቦርከና ማዶ፦
አብሽር ወንድሜ፣ የጀመርከው አንተ አይደለህም። ኮምቦልቻ ኦፍሴት የሚባል የህትመት ማሽን ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ያኔ ፎቶው እንዳለ አይታተምም። ሰዓሊው ፎቶውን እያየ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታማ እርሳስ ይስለዋል፤ ያውም ገልብጦ። ድንጋዩን በውሃ ያረጥቡታል። ቀለም ሲያስነኩት ውሃ ያለበት አይቀበልም፣ ቅባቱ ብቻ ይይዛል። ከዚያ ወረቀት መጫን ነው። ሊቶግራፊ ይሉታል። የኛም ኦፍሴት ያው ነው፤ ውሃ ሲያንሰው ፕሌቱ፣ ማለትም ምስሉን የሚይዘው ቆርቆሮ፣ ይጠቁራል። ስንት ወረቀት አስጥሎኛል!
ኒውዮርክ ላይ ከሪየርና አይቭስ የሚባሉ አታሚዎች የሊንከንንም የተፎካካሪውን የዳግላስንም ምስል ይቸበችቡ ነበር። ነጋዴ ናቸዋ። ቀለሙን ሴቶች ተደርድረው በእጅ ነው የሚቀቡት፤ አንዷ ሰማያዊውን፣ ቀጣይዋ ቀዩን።

የጦሳ ልጅ፦
ጋሼ በደንብ አስረድተዋል። ስለ ማሳመሩ እኔ ልጨምር። በፌብሩዋሪ 1860 ሊንከንን ፎቶ ያነሳው ማቲው ብራዲ ነው። የሊንከን አንገት ረጅም ስለነበር ኮሌታውን ወደ ላይ ሳብ አደረገለት። ያ ፎቶ ነው እየተሳለ አገር የሞላው።
የሚያስቀው ግን ጢሙ ነው። ሲወዳደር ጢም አልነበረውም። በኦክቶበር ግሬስ ቤዴል የምትባል የ11 ዓመት ልጅ «ፊትህ ቀጭን ነው፣ ጢም ብታሳድግ ያምርብሃል» የሚል ደብዳቤ ላከችለት። ካሸነፈ በኋላ እውነትም አሳደገ። አታሚዎቹ ያዘጋጁት ምስል ሁሉ ጢም አልባ ሆኖ ቀረ! አንዳንዶቹ አዲሱን ፊት ሳያዩ በግምት ጢም ሳሉለት።
ያንተን ኮት በተመለከተ፦ በኋላ አንዱ አታሚ የሊንከንን ጭንቅላት የጆን ካልሁን ገላ ላይ ተክሏል። ካልሁን ማለት የባርነት ዋና ጠበቃ የነበረው ሰውዬ ነው።

የፒያሳው ባነር፦
ወላሂ ቀለል አለኝ። እንግዲህ የኔንም ልናዘዝ፦ ኮቱ የሙሽራ ነበር። የደረቱን አበባ አጠፋሁት፤ መርፌው ግን እስከ ምርጫው ማግስት እዚያው ሲያብረቀርቅ ነበር።