ብዙ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የኦንላይን ፋርማሲ ያቃልላል ወይ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለታይሮይድ ሆርሞን ማነስና ለደም መርጋት በድምሩ ሰባት ዓይነት መድኃኒት ይወስዳሉ። ከፊሉ በባዶ ሆድ፣ ከፊሉ ከምግብ ጋር፣ ሌላው ማታ የሚወሰድ ሲሆን፣ የሚያልቁትም በተለያየ ቀን ስለሆነ ከፋርማሲ ደጅ አንጠፋም። የየሰዓቱን መድኃኒት አንድ ላይ አሽገው ቤት ድረስ የሚልኩ የኦንላይን ፋርማሲዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። እንደ እርሳቸው ላለ ሕመምተኛ ይስማማል ወይ? ከመጀመራችን በፊትስ ምን ማጣራት ይኖርብናል?

መልስ 1፦
በፋርማሲስትነት ስለምሠራ የማውቀውን ልግለጽ። አሠራሩ ይበልጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ በተመሠረተውና በ2018 አማዞን በገዛው ፒልፓክ በተባለ የኦንላይን ፋርማሲ ነው። በአንድ ሰዓት የሚዋጡት ክኒኖች ቀኑና ሰዓቱ በታተመበት ትንሽ ከረጢት ይታሸጋሉ፤ ከረጢቶቹም በቅደም ተከተል ተያይዘው ስለሚመጡ ተራው የደረሰውን ቀድዶ መውሰድ ብቻ ነው። እኔ ግን ከከረጢቱ ይልቅ ትልቅ ዋጋ የምሰጠው፣ የሁሉም መድኃኒት የማለቂያ ቀን እንዲገጣጠም መደረጉን ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር ከረጢት ውስጥ አይገባም። ኢንሱሊንና የዓይን ጠብታ ለብቻቸው ይላካሉ፤ ለልብ የደረት ሕመም ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን ከራሱ ብልቃጥ መውጣት የለበትም፤ የደም መርጋት መከላከያው ዳቢጋትራንም እርጥበት ስለሚያበላሸው እንደዚሁ ነው። እናትዎ ለደም መርጋት የሚወስዱት ዋርፋሪን ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ። መጠኑ በደም ምርመራ ውጤት ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ የወሩ ሁሉ ከታሸገ በኋላ ሐኪሙ ቢለውጠው ከእያንዳንዱ ከረጢት ያንኑ ክኒን እየለዩ ማውጣት ይመጣል፤ ስለዚህ ከሌሎቹ ተለይቶ በራሱ ዕቃ እንዲላክ ይጠይቁ። የታይሮይዱ ሌቮታይሮክሲንም ከቁርስ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ የሚወሰድና ከካልሲየምም ሆነ ከብረት ክኒን በ4 ሰዓት መራቅ ያለበት በመሆኑ፣ «ጠዋት» ተብሎ ከሌሎቹ ጋር እንዳይደባለቅ የራሱ ከረጢት ያስፈልገዋል።

መልስ 2፦
ከዚህ ሁሉ በፊት ፋርማሲው ሕጋዊ መሆኑን ያረጋግጡ። ያለ ሐኪም ማዘዣ በማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት የሚሸጥ ወይም የሚያነጋግሩት ፋርማሲስት የሌለው ድረ ገጽ ከሆነ ይለፉት። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ፈቃድ ያለው ሻጭ የጋራ ዓርማ ይለጥፋል፤ ዓርማውን ሲጫኑት ወደ አገሩ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መዝገብ ካልወሰደዎት ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል።

መልስ 3፦
አባቴን የማስታምም እንደመሆኔ አንድ ነገር ልጨምር። መድኃኒቱን ሁሉ ከአንድ ፋርማሲ ማዘዝ የሚጠቅመው እርስ በርስ የሚጋጩትን ፋርማሲስቱ ማየት እንዲችል ነው፤ ያለ ማዘዣ የሚገዙትን ካልነገሩት ግን ይህ ጥቅም ይቀራል። ለምሳሌ የሕመም ማስታገሻው ኢቡፕሮፌን ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ የመድማት አደጋን ይጨምራል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሚወስዱት ዋርፋሪን ስለሆነ ለብቻው እንዲላክ እጠይቃለሁ። ቤት የቀረውን መድኃኒት ግን አስቀድመን እንጨርስ?

መልስ 1፦
ይህን ፋርማሲው የመጀመሪያውን ጥቅል ከማዘጋጀቱ በፊት ይንገሩት፤ የቀረውን ቆጥሮ የሚጀመርበትን ቀን ይወስናል። ጥቅሉ ሲደርስም ከሐኪሙ ዝርዝር ጋር ያመሳክሩትና አሮጌዎቹን ብልቃጦች ከእናትዎ አጠገብ ያንሡ፤ ከሁለቱም ከወሰዱ መጠኑ እጥፍ ይሆናል።