«መሰናበት» የሚለው ቃል የሸሸገው

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ የሎይስ ላውሪን «ዘ ጊቨር» (1993) የተባለ ልብ ወለድ አንብባ ስትጨርስ፣ ረሃብም ጦርነትም በሌለበት በዚያ ማኅበረሰብ ውስጥ ክፋቱን ቀደም ብላ ሳታየው የቀረችው ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?

መልስ፦ ክፋቱ የተሸሸገው በቃል ውስጥ ይመስለኛል። ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ መንገድ የሳተ አብራሪ «ይሰናበታል» ሲባል እንሰማለን፤ ቃሉ ለስላሳ በመሆኑ ግን ሳንጠረጥር እናልፈዋለን። በኋላ የዋናው ገጸ ባሕርይ የጆናስ አባት፣ ያ ሕፃናትን በፍቅር የሚንከባከበው ሰው፣ ከመንትዮቹ ክብደቱ ያነሰውን ጨቅላ እያባበለ ግንባሩ ላይ መርፌ ወግቶ ሲገድለውና በካርቶን አድርጎ ሲጥለው ጆናስ በተቀረጸ ምስል ያያል፤ «መሰናበት» ማለት መገደል እንደሆነም ያን ጊዜ ይገባዋል። ማባበሉን ባሰብኩት ቁጥር ልቤ ይሰበራል።

ሌላ መልስ፦ እኛም «ሞተ» ላለማለት «አረፈ» እንላለን፤ ሰሚው ግን ምን ማለታችን እንደሆነ ያውቃል፤ ያለቅሳልም። እዚያ ግን የሞትን ምንነት በእውነት የሚረዱት የጥንቱን ትዝታ የተሸከሙት ሽማግሌና ጆናስ ብቻ ስለሆኑ፣ አባትየው ከሥራው ተመልሶ ከልጆቹ ጋር በሰላም እራት ይበላል። ለልጅዎ ይህንን ቢያሳዩአት መልካም ነው።

ጠያቂ፦ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ ስለ አብራሪው የሚናገረውን ገጽ አብረን መልሰን እናነበዋለን።