በሲሊከን ላይ ባለ የዚንክ ኦክሳይድ ሽፋን የገጽ ሞገድ ፍጥነት ለምን ይለዋወጣል?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለማስተርስ ጥናቴ በሲሊከን ላይ 2 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው የዚንክ ኦክሳይድ ሽፋን ወስጄ፣ በገጹ ላይ የሚጓዘውን የድምፅ ሞገድ ፍጥነት በኮምፒውተር እያሰላሁ ነው። የሞገዱን ርዝመት 80 ማይክሮሜትር ሳደርገው ውጤቱ ከባዶው ሲሊከን፣ ማለትም በሰከንድ 4900 ሜትር ገደማ ከሆነው፣ ጥቂት ብቻ ያንሳል፤ 8 ማይክሮሜትር ሳደርገው ግን እጅግ ይወርዳል። ኳርትዝን ብቻውን ሳሰላ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ስህተቱ የፕሮግራሜ ነው ወይስ የቁሱ ጠባይ ነው?

መላሽ፣ ከባሕር ዳር፦
የቁሱ ጠባይ ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳየው ይህ የገጽ ሞገድ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚይዘው ከገጹ አንስቶ አንድ የሞገድ ርዝመት በሚያህል ጥልቀት ውስጥ ነው። ኳርትዙ እስከ ታች አንድ ዓይነት ስለሆነ ሞገዱ ቢረዝምም ቢያጥርም የሚያገኘው ያንኑ ነው። የእርስዎን ግን እንደ አገራችን ዋልካ መሬት ይቁጠሩት፤ ማረሻ የሚያገኘው ዋልካውን ብቻ ሲሆን፣ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ግን ከሥር ካለው ጥቁር ድንጋይ ይደርሳል። የ80ው ሞገድ ቆፋሪው ነው፤ የ8ቱ ግን በሰከንድ 2700 ሜትር ገደማ በሚያስኬደው ዚንክ ኦክሳይድ ውስጥ ብዙ ጉልበቱን ይዞ ይቀራል።

ፍጥነቱን የሚወስነው የውፍረቱና የሞገዱ ርዝመት ንጽጽር እንጂ ውፍረቱ ለብቻው አይደለም። ሽፋኑን 4፣ ሞገዱን 16 ማይክሮሜትር አድርገው ያስሉት፤ ፍጥነቱ ንቅንቅ ካለ ያኔ ፕሮግራሙን ይጠርጥሩ።

ሌላ መላሽ፣ ከዳንግላ፦
በዚህ እስማማለሁ። ሆኖም ሽፋኑ ከሥሩ ካለው ቁስ ይልቅ ሞገዱን የሚያዘገይ ሲሆንና በቂ ውፍረት ሲኖረው፣ ሴዛዋ የሚባል ሁለተኛና ፈጣን ሞገድም ይገኛል፤ የሞገዱ እኩልታዎች ዲተርሚናንት (መፍትሔ መኖር አለመኖሩን የሚነግረው ቁጥር) ዜሮ የሚሆንበትን ፍጥነት የሚፈልግ ፕሮግራም መነሻ ግምቱ ከፍ ካለ ሳያስታውቅ ወደዚያኛው ይዘላል። ስለዚህ ከቀጭኑ ሽፋን ይጀምሩና የእያንዳንዱን እርምጃ ውጤት ለቀጣዩ መነሻ ያድርጉት። ደግሞስ የላይኛው ገጽ ክፍት ነው ወይስ በብረት የተሸፈነ? ብረቱ በገጹ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ መስክ ስለሚያጠፋው ፍጥነቱን ይቀንሰዋል፤ የሁለቱ ፍጥነቶች ልዩነት በ2 ተባዝቶ ለክፍቱ ፍጥነት ሲካፈል የኤሌክትሪኩንና የሞገዱን ቁርኝት ይነግርዎታል። እንደ እኔ እንደ እኔ ለመሣሪያ ሠሪ ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያስጨንቀው ይህ ቁጥር ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በ4ና በ16 ሳሰላው ያው ፍጥነት ወጣ። ከዚያ በላይ ባለ ውፍረት ላይ ግን ቁጥሩ ድንገት ወደ ላይ ሲዘል አየሁ፤ ከታች ተነሥቼ ደረጃ በደረጃ ስሄድበት ዝላዩ ጠፋ። የብረቱን ጉዳይ ግን ከነጭራሹ አላስገባሁትም ነበር።