ሲቲ ስካን ላይ ሜሹ አልታየም፣ አሁን ደሞ አልትራሳውንድ ታዘዘ። ምን ሊያዩ ነው?

የእማ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? እናቴ ከ3 አመት በፊት ማህፀኗም ፊኛዋም ወርዶ ኦፕራሲዮን ሆና በብልት በኩል ሜሽ (የወረደውን ደግፎ የሚይዝ መረብ) ተደርጎላታል። ሁለት አመት ደህና ነበረች፣ አሁን ግን ወደ ማታ ላይ ወደታች የሚጎትተኝ ነገር አለ ትላለች፣ ስትቀመጥም ያማታል። ሲቲ ስካን ተነሳች፣ ሪፖርቱ ላይ ስለ ሜሽ አንድም ቃል የለም፣ ስንጠይቅ "አይታይም" አሉን። እሷ ታዲያ መጀመሪያውኑ አላስገቡልኝም ብላ ተነስታለች። አሁን ሌላ ዶክተር ከታች በኩል የሚደረግ አልትራሳውንድ አዟል። ሲቲ ያላየውን አልትራሳውንድ እንዴት ያየዋል? ያማልስ ወይ? እሷ ስለምታፍር ነው እኔ የምጠይቀው።

ጥቁርና ነጭ፦
የምሰራው አልትራሳውንድ ላይ ነው። እማማን አረጋጊያቸው፣ ሲቲ ላይ አለመታየቱ የለም ማለት አይደለም። እነዚህ ሜሾች በብዛት ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ናቸው፣ ሲቲ ላይ ከዙሪያው ስጋ አይለዩም፣ ኤምአርአይ ላይም ብልት አካባቢ ያለው ክፍል በደንብ አይታይም። አልትራሳውንድ ላይ ግን ድምፁን ስለሚመልስ ነጭ ሆኖ ያበራል። የፊት ሜሽ፣ ማለትም በፊኛው በኩል ያለው ከሆነ፣ ከፊኛው ኋላ ከብልት ግድግዳ ጋር ተያይዞ እንደ ነጭ መስመር ታይዋለሽ፣ በ3ዲ አዙረን ስናየውማ የጨርቁ ቀዳዳ ቀዳዳ ሁሉ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ባለሜሽ ነኝ፦
እኔ ተደርጎልኛል እህቴ፣ ምንም አያምም። ሽንቴን ሽኚ አሉኝ፣ በጀርባ ተኛሁ ጉልበቴን አጥፌ፣ የሆድ አልትራሳውንድ የሚያነሱበትን የመሰለ እቃ ጓንት አልብሰው ጄል ቀብተው ከውጭ የብልቴ ከንፈር ላይ አስጠጉት፣ ወደ ውስጥ አልገባም። የከበደኝ ማማጡ ነው፣ "አምጪ" ሲሉኝ ፈስ ያመልጠኛል ብዬ ፈርቼ ጨምድጄ ያዝኩት 😂 እና ደጋግመን ሰራነው።

ጥቁርና ነጭ፦
ኸረ ዋናው ነገር እሱ ነው! ተኝታ ዝም ብላ ብቻ የተነሳ ምስል ግማሽ መልስ ነው። ሲያምጡ ቢያንስ 6 ሰከንድ ያህል መቆየት አለባቸው፣ ጡንቻውን ከጨመደዱት የወረደው ነገር ይደበቃል፣ ፊኛ ሙሉ ከሆነም እንደዛው። ፊት ለፊት ያለውን የዳሌ አጥንት የታችኛውን ጫፍ መነሻ አድርገን ፊኛው ከሱ በታች ስንት ሚሊሜትር ወረደ ብለን እንለካለን፣ 10 እና ከዛ በላይ ከሆነ ፊኛው በደንብ ወርዷል እንላለን። ከዛ ሜሹን እናያለን። ፊኛው ከሜሹ ፊት ሾልኮ ወረደ ወይስ ሜሹ በቦታው ሆኖ ማህፀኑ ወይ የብልቱ የላይኛው ጫፍ ከኋላው መጣ ወይስ ሜሹ ራሱ የሚይዙት ክንዶቹ ተላቀው አብሮ ወረደ? ሶስቱም ለታካሚዋ ያው "ተመለሰብኝ" ነው፣ ለሰርጀኑ ግን የተለያየ ስራ ነው።

ሜላት፦
የኔን "ተኮማትሯል" ብለው ነበር፣ ህመሙም ከዛ ነው ተባልኩ።

ጥቁርና ነጭ፦
ሊሆን ይችላል ሜላት፣ ግን አጭርና ወፍራም ሆኖ ስለታየ ብቻ ተኮማተረ አይባልም። ገና ሲገባ ታጥፎ ወይ ተሸብሽቦ የቀረም እንደዛው ነው የሚታየው፣ ድሮ የተነሳ ምስል ካለ ማወዳደር ይሻላል። ደሞ ያመመሽ ቦታ ላይ የአልትራሳውንዱን እቃ ጫን አድርገን "እዚህ ነው?" ማለት እንችላለን፣ ይሄን ሲቲ አያደርገውም።

የዳሌ ፊዚዮ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ጡንቻውንም ይዩላት። በወሊድ ጊዜ የዳሌ ወለል ጡንቻ ከአጥንቱ ተላቆ የቀረባቸው ሴቶች ላይ መውረዱ የመመለስ እድሉ ከፍ ይላል። ሲያምጡ የጡንቻው መክፈቻ 25 ካሬ ሴንቲሜትር እና ከዛ በላይ ከሰፋ በሪፖርቱ ይጻፍ በይ።

የእማ ልጅ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። አሜሪካ ታግዷል ሲባል ሰማሁ፣ ይውጣልኝ እያለች ነው።

ነርስ ነኝ፦
እውነት ነው፣ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 ለፊኛ መውረድ በብልት በኩል የሚገባው ሜሽ እንዳይሸጥ አዟል። ግን ደህና የሆነች ሴት ታውጣው አላለም። እናትሽ ግን ህመም ስላላቸው በስፔኩለምም (ብልትን ከፍቶ በሚያሳየው መሳሪያ) መታየት አለባቸው፣ ሜሹ የብልቱን ቆዳ በልቶ ብቅ ካለ በዓይንና በጣት ነው ይበልጥ የሚገኘው፣ ሽንት ላይ ደም ካለ ደሞ ፊኛ ውስጥ በካሜራ ይታይ። እና የኦፕራሲዮኑን ወረቀት ፈልጊ፣ ሜሹ በሆድ በኩል ገብቶ ከጀርባ አጥንት ጋር የታሰረ ከሆነ የላይኛው ክፍል በዚህ አልትራሳውንድ አይደረስበትም።

የእማ ልጅ፦
ወረቀቱን አገኘሁት፣ "የፊት ሜሽ፣ በብልት በኩል" ይላል። አነበብኩላት፣ "ታዲያ ያ ሲቲ ምን ሲያይ ነበር" አለችኝ 😅 ማክሰኞ ነው ቀጠሮዋ፣ ማማጡን ዛሬ አልጋ ላይ እያለማመድኳት ነው።